ዱክ ኤሊንግተንና የሙዚቃ ጓዱ

አንድ የሙዚቃ ጓድ ማቋቋም ብዙ የሚያስቸግር ነገር አይደለም። ሙዚቃ የሚወዱ ጥቂት ወጣቶች ተሰባስበው መሣሪያ ካገኙና የሚሰማቸው ሰው ካላጡ ጓዱ ተቋቋመ ማለት ነው። አስቸጋሪው ነገር ዝና ከመጣ በኋላ፣ ገንዘብ ሲበዛና ሲያንስ፣ አንዱ አባል ከሌላው ይበልጥ ሲመሰገን፣ የሕዝቡም ፍላጎት ሲለዋወጥ ጓዱን እንዳይበተን አድርጎ ማቆየቱ ነው። በዚህ ምክንያት ስማቸው ገንኖ የነበረ ብዙ የሙዚቃ ጓዶች ዐሥር ዓመት እንኳ ሳይሞላቸው ፈርሰዋል። አሜሪካዊው የሙዚቃ ደራሲና የፒያኖ ተጫዋች ዱክ ኤሊንግተን ግን ጓዱን ከ1924 ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ ለ50 ዓመት መራ። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? የዚህን ሰው የሕይወት ታሪክ የምንመለከተው ይህን ጥያቄ በልቡናችን ይዘን ነው። በታሪኩ ውስጥ የተጠቀሱት ዘመናት በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ኤድዋርድ ኬኔዲ ኤሊንግተን ኤፕሪል 29 ቀን 1899 በአሜሪካ ዋና ከተማ በዋሽንግተን ተወለደ። አባቱ ጄምስ ኤድዋርድ በአንድ ታዋቂ ሐኪም ቤት አሳላፊ ሆኖ ይሠራ ነበር፤ በኋላም በባሕር ኃይል መሥሪያ ቤት የንድፍ ወረቀት በማዘጋጀት ሥራ ተቀጥሯል። እናቱ ዴዚ ልጅዋን በልዩ ፍቅርና ጥንቃቄ ያሳደገች ሴት ነበረች። በዚያን ዘመን በአሜሪካ ጥቁሮች በትምህርት ቤት፣ በምግብ ቤት፣ በባቡርና በመኖሪያ ሠፈር ሁሉ ከነጮች ተለይተው ይኖሩ ነበር። የኤሊንግተን ወላጆች ግን ልጃቸው ከማንም የማያንስ መሆኑን እያስገነዘቡ አሳደጉት። ከዚህም የተነሣ ከልጅነቱ ጀምሮ ቀና ብሎ የሚሄድ፣ አለባበሱ የተስተካከለ፣ አነጋገሩም የታረመ ሆነ። ይህንኑ ያየ አንድ ጓደኛው "ዱክ" ብሎ ሰየመው፤ ትርጉሙም መስፍን ማለት ነው። ስሙም በዚያው ጸንቶ ቀረ።

ሁለቱም ወላጆቹ ፒያኖ ይጫወቱ ስለነበር ልጃቸው ሰባት ዓመት ገደማ ሲሆነው ከአንዲት መምህርት ዘንድ ፒያኖ እንዲማር አደረጉት። እርሱ ግን በዚያን ጊዜ ከፒያኖ ይልቅ ቤዝቦል የተባለውን የኳስ ጨዋታ ይወድ ነበር፤ ጨዋታውንም ለመመልከት ሲል በስታዲየሙ ውስጥ ኦቾሎኒ እየዞረ ይሸጥ ነበር። የሙዚቃ ፍቅር ያደረበት ወደ ጉርምስናው ዕድሜ ሲቃረብ ነው። በሠፈሩ ወደሚገኝ አንድ የመጫወቻ ቤት ሾልኮ እየገባ የታወቁ የፒያኖ ተጫዋቾችን ያዳምጥና ቤቱ ሲገባ የሰማውን በጆሮው ብቻ እየተመራ ይሞክር ነበር። በ1914 ገደማ በአንድ ለስላሳ መጠጥ ቤት በአስተናጋጅነት ሲሠራ የመጀመሪያውን የሙዚቃ ድርሰቱን ደረሰ። ኖታ ጽፎ ማስቀመጥ ገና ስላልቻለ ድርሰቱን የያዘው በአእምሮው ነበር።

ኤሊንግተን የሥዕል ተሰጥኦም ነበረው። ብሩክሊን የሚገኝ አንድ የታወቀ የሥነ ጥበብ ተቋም ነጻ የትምህርት ዕድል ቢሰጠው አልቀበልም አለ። ለጊዜው ግን ሥዕሉን ከሙዚቃው ጋር አጣምሮ መተዳደሪያ አደረገው። አንድ ሰው ለጭፈራ ምሽት የማስታወቂያ ሰሌዳ እንዲሥልለት ሲመጣ፣ ለምሽቱ ሙዚቀኛ አግኝቶ እንደሆነ ይጠይቀዋል፤ ሙዚቀኛ የሚፈልግ ሰው ሲመጣ ደግሞ ማስታወቂያውን ማን እንደሚሥልለት ይጠይቀዋል። በዚህ ዘዴ ከሠፈሩ ወጣቶች ጋር ያቋቋመው ትንሽ ጓድ በዋሽንግተን ከተማ ሥራ የማያጣ ሆነ። በ1918 አገባ፤ በተከታዩም ዓመት ልጁ መርሰር ተወለደ።

ይሁን እንጂ ለሙዚቀኛ የታላቅነት በር የሚከፈተው በኒውዮርክ ነበር። በ1923 ኤሊንግተንና ጓደኞቹ ከበሮ መቺው ሰኒ ግሪርና የሳክስፎን ተጫዋቹ ኦቶ ሃርድዊክ ዕድላቸውን ለመሞከር ወደዚያች ከተማ ሄዱ። የመጀመሪያው ሙከራ አልሰመረላቸውም፤ ሥራው ተቋረጠ፤ ገንዘባቸውም አለቀ። ኤሊንግተን እንደሚተርከው አንድ ቀን በመንገድ ላይ 15 ዶላር ወድቆ ቢያገኝ በእርሱ ምግብ በልተው ወደ አገራቸው መመለሻ ቲኬት ቆረጡ። በዚያው ዓመት በጋ ግን እንደገና ሞከሩ። "ዋሽንግተናውያን" በሚል ስም በታይምስ አደባባይ አጠገብ በሚገኝ አንድ የምሽት ክበብ ተቀጠሩ። በዚያን ጊዜ መሪያቸው ኤልመር ስኖውደን ነበር። በ1924 መጀመሪያ በገንዘብ አከፋፈል ምክንያት አለመግባባት ተነሥቶ ስኖውደን ከጓዱ ሲለይ ኤሊንግተን የመሪነቱን ሥራ ተረከበ። ገና 24 ዓመቱ ነበር።

አዲሱ መሪ ብዙ ሳይቆይ አንድ ነገር አስተዋለ። ቡበር ማይሊ የተባለው የትራምፔት ተጫዋች የተዘጋ ቧንቧ መክፈቻ የሆነውን የጎማ ቆብ በመሣሪያው አፍ ላይ እየገጠመና እያነሣ፣ በጉሮሮውም እያንጎራጎረ፣ ትራምፔቱን እንደ ሰው ያስጮኸውና ያስለቅሰው ነበር። በ1926 የመጣው የትሮምቦን ተጫዋች ጆ ናንተንም ይህንኑ ጥበብ በራሱ መሣሪያ አሳየ። ሌላ መሪ ቢሆን ይህን ድምፅ ከተለመደው የወጣ ነው ብሎ ያርመው ነበር። ኤሊንግተን ግን ድርሰቱን በዚያ ድምፅ ዙሪያ መጻፍ ጀመረ። ለእያንዳንዱ አባል ድርሻውን ሲጽፍለት በወረቀቱ ራስጌ ላይ የመሣሪያውን ስም ሳይሆን የሰውየውን ስም ያሰፍር ነበር። ፒያኖ ቢጫወትም ዋና መሣሪያው ጓዱ ነው እስኪባል ድረስ ሰዎቹን እንደ አንድ መሣሪያ ልዩ ልዩ ክሮች ይቆጥራቸው ጀመር።

ከፍተኛው ዝና የመጣው ዲሴምበር 4 ቀን 1927 ጓዱ ኮተን ክለብ በተባለው የምሽት ክበብ ሥራ በጀመረ ጊዜ ነው። ክበቡ የጠየቀውን ለማሟላት የጓዱ አባላት ቁጥር ወደ 11 ከፍ አለ። ኮተን ክለብ የሚገኘው በኒውዮርክ የጥቁሮች ሠፈር በሃርለም ነበር፤ በመድረኩ ላይ የሚዘፍኑት፣ የሚጨፍሩትና የሚጫወቱት ሁሉ ጥቁሮች ነበሩ። ለመዝናናት እንዲገቡ የሚፈቀድላቸው ግን ነጮች ብቻ ነበሩ። የሃርለም ነዋሪ በደጁ የሚሰማውን የወንድሞቹን ሙዚቃ ከውስጥ ገብቶ ለማዳመጥ መብት አልነበረውም። ዳሩ ግን የራዲዮ ሞገድ በር የሚዘጋበት አልሆነም። የጓዱ ሙዚቃ ከክበቡ በቀጥታ በራዲዮ ሲተላለፍ በመላው አሜሪካ ጥቁሩም ነጩም በየቤቱ አደመጠው። በ1930 የወጣው "ሙድ ኢንዲጎ" የተሰኘው ድርሰቱ ደግሞ ስሙን ይበልጥ አስጠራው።

በእነዚህ ዓመታት የጓዱን መልክ የሰጡት ታላላቅ ተጫዋቾች ተሰባሰቡ። ሃሪ ካርኒ በ1927 ወደ ጓዱ ሲገባ የ17 ዓመት ልጅ ነበር፤ ከባሪቶን ሳክስፎኑም ጋር ዕድሜውን ሙሉ በዚያው ኖረ። ጆኒ ሆጅስ በ1928 ገባ፤ ከአልቶ ሳክስፎኑ የሚወጣው ለስላሳና ረዥም ድምፅ የጓዱ መለያ ሆነ። በ1929 ቡበር ማይሊ ሥራውን በሚገባ መከታተል ባለመቻሉ ሲለይ ኩቲ ዊልያምስ ተተካ። ዊልያምስ በቦታው ሲቀመጥ ያንን የሚያንጎራጉር ድምፅ እንዲያወጣ ያዘዘው አልነበረም፤ ነገር ግን የተጻፈው ሙዚቃ ሁሉ ያንን ድምፅ የሚጠብቅ መሆኑን በማየቱ ጥበቡን በራሱ ተማረ። ማይሊ በ1932 በ29 ዓመቱ በሳንባ ነቀርሳ ቢሞትም ድምፁ በጓዱ ውስጥ ሳይሞት ቀረ።

ጓዱ በ1933 ወደ እንግሊዝና ወደ ሌሎች የአውሮፓ አገሮች ሲሄድ በታላቅ ክብር ተቀበሉት። በገዛ አገሩ ግን በተለይ በደቡብ ክፍላተ ሀገር ነጮች ሙዚቃውን በጭብጨባ ከሰሙ በኋላ ሙዚቀኞቹ የሚያድሩበት ሆቴልና የሚበሉበት ምግብ ቤት አያገኙም ነበር። ኤሊንግተን ለዚህ ችግር ያገኘው መፍትሔ የራሱን የባቡር ፉርጎዎች መከራየት ነበር። ጓዱ በመኝታ ፉርጎዎች እየተጓዘ፣ በየጣቢያው እያደረ፣ በዚያው እየበላ በደቡብ ተዘዋወረ። በዚህ ዘዴ አባላቱ ከየሆቴሉ በር ላይ ተዋርደው እንዳይመለሱ አደረገ። ክብሩን ለመጠበቅ መጮህን ሳይሆን መዘጋጀትን የመረጠ ሰው ነበር።

በ1938 መጨረሻ ፒትስበርግ በተባለች ከተማ ቢሊ ስትሬይሆርን የሚባል የ23 ዓመት ወጣት ከኤሊንግተን ጋር ተዋወቀ። በመድኃኒት መደብር ውስጥ እየሠራ ሙዚቃ የሚደርስ ትሑት ሰው ነበር። በተከታዩ ዓመት ወደ ኒውዮርክ መጥቶ ከኤሊንግተን ጋር መሥራት ጀመረ፤ ከዚያ በኋላ የሁለቱ ድርሰት የትኛው የማን እንደሆነ ለይቶ ለማወቅ እስኪያስቸግር ድረስ ለ28 ዓመት ያህል አብረው ሠሩ። በ1941 የራዲዮ ጣቢያዎች ከደራሲያን ማኅበር ጋር በክፍያ ሳይስማሙ ቀርተው የኤሊንግተን ድርሰቶች ከራዲዮ በታገዱ ጊዜ ጓዱን ያዳኑት የማኅበሩ አባል ያልነበሩት ስትሬይሆርንና የኤሊንግተን ልጅ መርሰር ናቸው። ስትሬይሆርን ወደ ሃርለም በሚወስደው የከተማ ባቡር ስም የሰየመው ድርሰት የጓዱ መክፈቻ ዜማ ሆኖ እስከ መጨረሻው ዘለቀ።

ከዚህ ዘመን ጀምሮ ግን መለያየትም መጣ። በ1940 ኩቲ ዊልያምስ የተሻለ ደመወዝ ባቀረበለት በሌላው ታዋቂ መሪ በቤኒ ጉድማን ጓድ ሊገባ ፈለገ። ኤሊንግተን ይህን ሰምቶ አልተቆጣም፤ እንዲያውም ውሉ የተሻለ እንዲሆንለት ረዳው። በባስ አጨዋወት አዲስ መንገድ የከፈተው ወጣቱ ጂሚ ብላንተን ደግሞ በ1942 በ23 ዓመቱ በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። በጃንዋሪ 23 ቀን 1943 ኤሊንግተን የጥቁር አሜሪካውያንን ታሪክ የሚተርክ 45 ደቂቃ ያህል የሚፈጅ ታላቅ ድርሰት በካርኔጊ አዳራሽ አቀረበ። አዳራሹ ሞልቶ ነበር፤ ሐያስያኑ ግን ሥራው ጃዝም የረቀቀ የኦርኬስትራ ሙዚቃም አይደለም ብለው ነቀፉት። ኤሊንግተን በዚህ እጅግ አዘነ፤ ድርሰቱንም ከዚያ በኋላ ከጥቂት ጊዜያት በቀር በሙሉ አላቀረበውም።

የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ በኋላ ለታላላቅ የሙዚቃ ጓዶች ክፉ ዘመን መጣ። የመጓጓዣና የደመወዝ ወጪ ከፍ አለ፤ በመዝናኛ ቦታዎች ላይ ከባድ ግብር ተጣለ፤ ሕዝቡም ከጓዱ ይልቅ ብቻውን የሚዘፍነውን ድምፃዊ መውደድ ጀመረ። በ1946 መጨረሻ ላይ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የቤኒ ጉድማንን ጨምሮ ብዙ ስመ ጥር ጓዶች ፈረሱ። በ1950 ካውንት ቤዚ የተባለው ታላቅ መሪም ጓዱን አፍርሶ በጥቂት ሰዎች መሥራት ግድ ሆነበት። ኤሊንግተን ግን ጓዱን አላፈረሰም። ጓዱ የሚያስገባው ገንዘብ ለአባላቱ ደመወዝ ሳይበቃ ሲቀር ከሸክላዎቹና ከድርሰቶቹ የሚያገኘውን የደራሲነት ክፍያ እያመጣ ይሞላ ነበር። ቀን የጻፈውን ማታ በእውነተኛ ድምፅ የሚያሰሙለት ሰዎች ስለነበሩት፣ ለዚህ የሚያወጣውን ገንዘብ እንደ ኪሳራ አልቆጠረውም።

ነገር ግን ገንዘብ ብቻውን ሰውን አንድ ላይ አያቆይም። በጓዱ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሲብላላ የቆየ ቅሬታ ነበር። ኤሊንግተን ተጫዋቾቹ በልምምድ ጊዜ ወይም በመድረክ ላይ የሚያፈልቋቸውን አጫጭር ዜማዎች እየሰበሰበ ወደ ሙሉ ድርሰት ያሳድጋቸው ነበር። በርግጥ አሳድጎ ፍጹም ድርሰት የሚያደርጋቸው እርሱ ነው፤ ሆኖም ዘሩን የዘራው ሰው ስሙ በሸክላው ላይ ሳይጻፍ፣ ከክፍያውም በቂ ድርሻ ሳያገኝ የሚቀርበት ጊዜ ነበር። ስትሬይሆርን እንኳ ሥራው በኤሊንግተን ስም ብቻ የታወቀበት ጊዜ አለ። ጆኒ ሆጅስና የትሮምቦን ተጫዋቹ ሎረንስ ብራውን በዚህ ነገር ቅር ይሰኙ ነበር። ታላቅ መሪም ቢሆን ከጉድለት የጸዳ አይደለምና ይህ ጉድለት ዋጋ አስከፈለው።

በ1951 መጀመሪያ ላይ ሆጅስ፣ ብራውንና ከዋሽንግተን ጀምሮ አብሮት የነበረው ሰኒ ግሪር በአንድ ጊዜ ጓዱን ለቀው ወጡ። ሆጅስ የራሱን ትንሽ ጓድ አቋቋመ። ጋዜጦች የኤሊንግተን ዘመን አበቃ ብለው ሊጽፉ ተቃረቡ። ኤሊንግተን ግን ከአንድ ሌላ ጓድ ሦስት ጥሩ ተጫዋቾችን አምጥቶ ባዶውን ቦታ ሞላ። ጓዱ ሥራውን ሳያቋርጥ ቀጠለ፤ ሆኖም የሆጅስ ድምፅ የሌለበት ሙዚቃ ቀድሞ የሚያውቁትን አድማጮች አላረካም። ሥራም እየቀነሰ ሄደ። በ1955 በጋ ያ ነገሥታት ሳይቀሩ የሰሙት ጓድ በኒውዮርክ ከተማ ዳርቻ በበረዶ ላይ እየተንሸራተቱ ትርኢት ለሚያሳዩ ሰዎች አጃቢ ሆኖ ተቀጠረ። ብዙ ሰው ይህን የመጨረሻው ውድቀት አድርጎ ቆጠረው።

በዚያው ዓመት በኦገስት ወር የሆጅስ ጓድ ፈርሶ ሆጅስ ወደ ቀድሞ ቦታው ተመለሰ። ስንብትም ይቅርታም የሚጠይቅ ሥነ ሥርዓት አልተደረገም። ከአራት ዓመት በላይ ተለይቶ የቆየው ሰው መጥቶ በቀድሞ ወንበሩ ተቀመጠ፤ ኤሊንግተንም ለእርሱ የሚስማማውን ዜማ እንደ ቀድሞው መጻፍ ቀጠለ። ይህ መመለስ ምን ያህል ዋጋ እንደነበረው የታወቀው በተከታዩ ዓመት ነው።

ጁላይ 7 ቀን 1956 ጓዱ ኒውፖርት በተባለች የባሕር ዳርቻ ከተማ በተደረገ የጃዝ በዓል ላይ ቀረበ። መጀመሪያ ብቅ ሲሉ የተወሰኑ አባላት ባለመገኘታቸው ጥቂት ተጫውተው ወረዱ፤ ተመልሰው ሲወጡ እኩለ ሌሊት ሊሆን ጥቂት ቀርቶት ነበር። አንዳንዱ ሰው ወደ ቤቱ ለመሄድ ተነሥቶ ነበር። በዚያን ጊዜ ኤሊንግተን በ1937 የደረሳቸውን ሁለት ተያያዥ ድርሰቶች አስጀመረ። በሁለቱ መካከል የቴነር ሳክስፎን ተጫዋቹ ፖል ጎንሳልቬስ ብቻውን ወጥቶ አንዱን የዜማ መሠረት 27 ጊዜ እየመላለሰ፣ በየጊዜው በአዲስ መልክ እያሳመረ ተጫወተ። አንዲት ሴት ከመቀመጫዋ ተነሥታ መጨፈር ጀመረች። ከዚያ በሺህ የሚቆጠረው ሕዝብ ቆሞ ይጮህ፣ ያጨበጭብ ጀመር። የበዓሉ አዘጋጅ ሁከት ይነሣል ብሎ እስኪፈራ ድረስ ሕዝቡ አልበርድ አለ። ኤሊንግተንም ሕዝቡን ለማብረድ የሆጅስን ለስላሳ ሳክስፎን ወደፊት አቀረበ።

ያ ሌሊት የኤሊንግተንን ሕይወት ለወጠ። የዚያ ምሽት ሸክላ በሕይወት ዘመኑ ካወጣቸው ሁሉ የበለጠ ተሸጠ፤ በዚያው ዓመት በኦገስት ወር ታይም የተባለው መጽሔት ሥዕሉን በሽፋኑ ላይ አወጣው። የተበተኑትም አንድ በአንድ ተመለሱ። ሎረንስ ብራውን በ1960 መጣ። ኩቲ ዊልያምስም የራሱን ጓድ ሞክሮ፣ ብዙ ወጥቶና ወርዶ፣ ከ22 ዓመት በኋላ በ1962 ተመልሶ ትራምፔቱን በቀድሞ ቦታው አነሣ። ኤሊንግተን ሰውን እምብዛም አያሰናብትም፤ የሄደውንም አይወቅስም ነበር። በሩን ሳይዘጋ በመተዉ የወጡት የሚመለሱበትን መንገድ አላጡም።

ከዚያ በኋላ ጓዱ ዓለምን ዞረ። በ1963 በመካከለኛው ምሥራቅና በደቡብ እስያ፣ በ1966 በዳካር በተደረገው የጥቁር ሕዝቦች የኪነ ጥበብ በዓል፣ በ1971 በሶቪየት ኅብረት ተጫወተ። በገዛ አገሩ ግን አንድ ክብር ተነፈገው። በ1965 ፑሊትዘር ለተባለው ታላቅ ሽልማት የሙዚቃ ዳኞች የዕድሜ ልክ ሥራው በልዩ ሽልማት እንዲከበር ሐሳብ ቢያቀርቡ የበላይ ቦርዱ ውድቅ አደረገው። ከሦስቱ ዳኞች ሁለቱ በዚህ ተቆጥተው ሥራቸውን ለቀቁ። የ66 ዓመቱ ኤሊንግተን ግን ነገሩን በቀልድ አሳልፎ ወደ ጉዞው ተመለሰ። በዚያው ዓመት መንፈሳዊ የሙዚቃ ዝግጅቶችን በአብያተ ክርስቲያናት ማቅረብ ጀመረ፤ እነዚህንም ከሥራዎቹ ሁሉ አብልጦ ይወዳቸው ነበር።

የማይቀረው መለያየት ደግሞ በሞት መጣ። በሜይ 1967 ቢሊ ስትሬይሆርን በካንሰር ሲሞት ኤሊንግተን ከማንም ይበልጥ አዘነ፤ በዚያው ዓመት የስትሬይሆርንን ድርሰቶች ብቻ የያዘ ሸክላ ለመታሰቢያው ቀዳ። በሜይ 1970 ጆኒ ሆጅስ በድንገት አረፈ። ይህን ጊዜ በወንበሩ የሚተካ ተጫዋች እንጂ ድምፁን የሚተካ አልተገኘም። ኤሊንግተን ግን ጓዱን ይዞ መጓዙን አላቆመም።

በ1973 ኤሊንግተን ሕመም ጸንቶበት ነበር። ያም ሆኖ በኦክቶበር ወር ለንደን በሚገኘው በዌስትሚንስተር ቤተ ክርስቲያን ሦስተኛውን መንፈሳዊ ዝግጅት አቀረበ። በኖቬምበር ወር፣ በእኛ አቆጣጠር 1966 ዓ.ም.፣ ጓዱን አስከትሎ አዲስ አበባ ገባ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም የክብር ኒሻን ሸለሙት። በዚህ ጊዜ በእንግሊዝና በአሜሪካ ሙዚቃ አጥንቶ የኢትዮጵያን ቅኝት ከጃዝ ጋር ያዋሐደው ሙላቱ አስታጥቄ ከጓዱ ጋር ተጫወተ። በሃርለም ከጥቁሮች ተዘግቶ በነበረ ክበብ ውስጥ ዝነኛ የሆነው ሰው በሕይወቱ የመጨረሻ ወራት በአንዲት ጥንታዊት የአፍሪካ አገር በክብር ተስተናገደ።

ሜይ 24 ቀን 1974 ዱክ ኤሊንግተን በ75 ዓመቱ በሳንባ ካንሰር ኒውዮርክ ውስጥ ሞተ። የኒውፖርቱ ጀግና ፖል ጎንሳልቬስ ከእርሱ ጥቂት ቀናት አስቀድሞ በለንደን ሞቶ ነበር፤ ሕመሙ እንዳይብስበት ሲባል ይህ ለኤሊንግተን አልተነገረውም። በቀብሩ ሥነ ሥርዓት ላይ ከ12 ሺህ የሚበልጥ ሕዝብ ተገኘ። ከቀብሩ በኋላ ልጁ መርሰር ጓዱን ይዞ አስቀድሞ በተዋዋሉበት ቦታ ለመጫወት ወደ ቤርሙዳ ደሴት ሄደ። ለ47 ዓመት ከኤሊንግተን ያልተለየው ሃሪ ካርኒ በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር ሞተ። በ1999 ኤሊንግተን የተወለደበት መቶኛ ዓመት ሲከበር የፑሊትዘር ቦርድ ከ34 ዓመት በፊት የነፈገውን ክብር ሰጠው።

ኤሊንግተን ከአንድ ሺህ በላይ ድርሰቶችን ትቶ አልፏል። ከእነዚህ ብዙዎቹ የተጻፉት በስም ለሚያውቃቸው ሰዎች ድምፅ ነው። ከሁሉም ጋር በፍቅር ብቻ ኖረ ማለት አይደለም፤ ያስቀየማቸው ነበሩ፤ ጥለውት የሄዱም ነበሩ። ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ተጫዋች ከሌላው የማይመሳሰል የራሱ ድምፅ እንዳለው ዐውቆ ለዚያ ድምፅ ቦታ ሰጠው። ሆጅስና ዊልያምስ በሌላ ስፍራ ገንዘብም ዝናም ሊያገኙ ይችሉ ነበር፤ ለእነርሱ ድምፅ ተብሎ የተጻፈ ሙዚቃ ግን በቀድሞው ወንበራቸው ላይ ይጠብቃቸው ነበር። ለዚህ ነው ጓዱ ተሰንጥቆ ያልፈረሰው፤ ለዚህም ነው የሄዱት ተመልሰው የመጡት።